ተመላሽ ፍራሽ

ፍራሹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስበት ሽበቱ ደስ አለው።

ሌላ ፍራሽ ሰሪ ቢሆን ኖሮ እርር ድብን ይል ነበር። የሠራውን ዕቃ አሸክመው ሲመልሱበት ማን ደስ ይለዋል? እሱ ግን ሁለቱ ተሸካሚዎች ፍራሹን እንደ ሰከረ ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፈው በደረጃው ሲያወርዱት፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን እያሳየ ጠበቃቸው። ከዚያ ሮጦ ገባና ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ስባሪ መስታወት ራሱን አየ። እንደ ልማዱ ፀጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሽበቱ የተባለውም ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥጥ በዱላ እየመታ ሲያፍታታ ስለሚውል፣ ጠዋት ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ ማታ ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን እንዲያውም አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ተነስታ ወንበር ለቀቀችለት። እሱም አላፈረም፣ «ተባረኪ ልጄ» ብሏት ቁጭ።

«አራግፈው እንጂ» አለችው አክስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

አክስቱ ናት ያሳደገችው፣ ሥራውንም ያስተማረችው። እሱ ጥጡንና ስፖንጁን ይሞላል፣ እሷ ልብሱን ትሰፋለች። ከመኪናዋ ቀና ስትል አይቷት የሚያውቅ የለም። ግን የማታየው ነገርም የለም።

ሱቁ ያለው የእትዬ ሕንፃ ሥር ነው። እትዬ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሕንፃውን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ፣ ሲራመዱ ደረጃው የሚያውቃቸው ሴትዮ ናቸው። ቤታቸው ልክ ከፍራሽ ቤቱ በላይ ነው። ተከራይ ሲያስነጥስ እንኳ እንዳያመልጣቸው ነው እዚያ የሚኖሩት እያሉ ያሟቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የቤት ፕላን ትሠራለች። ሽበቱ ከእሷ ፍቅር ከያዘው ቆይቷል። ለማንም አልተናገረም። ምድር ቤት ሆኖ ፎቅ ላይ ያለችን ልጅ መመኘት ትርፉ አንገት ማሳመም መሆኑን ያውቀዋል።

ታዲያ ይህች ልጅ ፍራሽ አዘዘች። የጥጥ ሠራላት፤ ቆረቆረኝ ተብሎ ተመለሰ። የስፖንጅ ሠራላት፤ ዋጠኝ ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ሽበቱ ማሰብ የጀመረው። ጤነኛ ሰው በፍራሽ እንዲህ ይመላለሳል? የለም፣ ነገር አለ። ሦስተኛውን ከላይ ስፖንጅ፣ ከሥር ጥጥ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ሠራው። ሲጨርስ ደግሞ ገለበጠውና በታችኛው ፊት፣ ራስጌው በኩል፣ በቀይ ክር ልብ ሰፋበት። ትልቅ ልብ።

አክስቱ አየት አደረገችው። «ምንድን ነው እሱ፣ ድንች?»

«ልብ ነው አክስቴ።»

«ይሁን» አለችና መኪናዋን ቀጠለች።

አሁን ይኸው ልብ የተሰፋበት ፍራሽ ተመልሶ መጣ። ምን ማለት ነው? መልስ ነዋ። ሽበቱ እንዲህ ሲል ደመደመና ፀጉሩን አራገፈ።

ተሸካሚዎቹን ተከትላ ወረደች። ትልቅ ሹራብ ለብሳለች፣ እጆቿ እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል። ዓይኖቿ ሥር ጥቁረት አለ። እሱ ሞኙ ሰሞኑን ያንን ጥቁረት ሲያይ ለእኔ ብላ ተኳለች ይል ነበር። ዛሬ ቀረብ ሲል ግን ኩል እንዳልሆነ አየ።

«ደንበኛዬ፣ ዛሬስ ምን አጠፋን?» አላት። ሁልጊዜ የሚጠራት እንዲህ ነው።

«ምንም። ይቅርታ አድርግልኝ። ጥፋቱ የፍራሹ አይመስለኝም፤ እማዬ ናት መልሱት ያለችው።»

«ታችኛውን ፊቱን አይተሽዋል?»

«ምኑን?»

«ክሩን። ቀዩን ክር።»

«የምን ክር?»

የሽበቱ ልብ ከደረቱ ወርዳ ጫማው ውስጥ ገባች። የቀለደችበት መስሎት ፊቷን መረመረ። ቀልድ የለም። ዓይኖቿ እሱ ላይ ናቸው፣ ግን እሱን የሚያዩ አይመስሉም፤ መብራት በርቶ ሰው የሌለበት ቤት ሆኑበት። እፍር ሲለው ነገሩን ወደ ሥራ አዞረው። እስቲ እዚህ ተኝተሽ አሳዪኝ፣ የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርሽ፣ እኔ ጥፋቴን ልወቅ አላት። እሺ ብላ ጫማዋን እንዳደረገች እግሯን ውጭ ትታ ጋደም አለች። እሱም ጀርባውን ሰጥቷት፣ ስለ ስፖንጁ ውፍረት፣ ስለ ጥጡ ጥራት፣ ነጋዴው ሊያታልለው ሞክሮ እንዴት እንደነቃበት እያጋነነ ያወራ ጀመር። የወሬው ጣፋጭ ቦታ ላይ ሲደርስ እንድትስቅለት ዞረ።

ተኝታለች። እጇ ከእጅጌው ወጥቶ መዳፏ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

አክስቱ መኪናዋን አቆመች። መኪናው ዝም ሲል የልጅቱ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ፣ ልትነቃ ሆነ። አክስቱ ፔዳሉን መልሳ ረገጠች። መኪናው ተንኳኳ፣ ልጅቱ ተመልሳ ሰመጠች። ያን ከሰዓት አክስቱ ጨርቅ ሲያልቅባት ባዶ መርፌ ስትሰፋ ዋለች። ሽበቱ ደግሞ ሕይወቱን ሙሉ ፍራሽ ሲሠራ ኖሮ፣ ሰው መተኛት እንዲህ ሊናፍቀው እንደሚችል ያወቀ ያን ቀን ነው።

*

በነገታው ራሷ መጣች። በሦስተኛውም ቀን። ሰበብ አታጣም፤ አንድ ቀን ጫፉ ተተርትሯል፣ ሌላ ቀን ከፍታው ይለካልኝ። በኋላ ሰበቡንም ተወችው። ገባ ትልና ከስፖንጁ ክምር ጀርባ ጥቅልል ትላለች፣ በስፌት መኪናው ድምፅ ትተኛለች። አክስቱ ካለችበት ጥግ ሆና ሁለቱንም ትጠብቃለች፣ እሱን ይበልጥ።

ስትነቃ ጥቂት ጥቂት ታወራለች። ሌሊት ዓይኗ አይከደንም። የተኛች ሲመስላት ልቧ ይመታና ብድግ፣ ከዚያ ጣሪያ ማየት ነው። ከተጀመረ ወራት ሆኖታል። መጀመሪያ እንቅልፉ ይሂድ ወይ ደስታው ይሂድ አታውቅም፤ አንዱ ሲወጣ በሩን ለሌላው ክፍት ትቶለት የሄደ ይመስላታል። የጓደኞቿን ስልክ አታነሳም። ምግቡ ሁሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላታል።

«ስፖንጅ በልተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አላት ሽበቱ። «እኔ በልቼ አውቃለሁ፣ ልጅ ሆኜ። የአንቺ እናት ወጥ አይመስለውም።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሳቅ ለመሆን አቅም አልነበረውም።

ቢሮዋ ለምን እንደማትሄድም ነገረችው። ለአንድ ሰው የቤት ፕላን ሠርታ ነበር። ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱ፣ መስኮቱ ሁሉ በቦታው። አለቃዋ ሲያየው መኝታ ቤቱ በር የለውም። አራት ግድግዳ ብቻ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ ሰውየው በመስኮት ይግባ ወይ ተባለ። እሷም አብራ ሳቀች። ሽንት ቤት ገብታ ግን መውጣት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ላይ ናት።

«ለእማዬ እንዳትነግር» አለችው። «እሷ ፍራሹ ነው ብላ ነው የምታምነው። ሌላ ነገር ነው ካልኳት ጥፋቱ የሷ ይመስላታል። ማልልኝ።»

«አክስቴ ትሙት።»

«በራስህ ማል» አለች አክስቱ ከጥግ።

በራሱ ማለ። ማለና ደረቱን ነፋ። እውነቱን እንነጋገር ካልን ያን ሰሞን ሽበቱን የሚችለው አልነበረም። ልጅቱ በዓለም ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት እሱ ጋ ብቻ ነው! ፍራሹ ነው፣ ጥጡ ነው፣ አይ እኔ ነኝ እያለ ሲያፏጭ ይውላል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እንዲያውም ሎተሪ ደርሶታል ብሎ አስወራበት።

ግን ዓይን አለው አይደል? ሳምንቱ ሲገፋ ጥቁረቱ አልቀነሰም፣ ጠለቀ እንጂ። እሱ ጋ ቀን በተኛች ቁጥር ሌሊቱ ይባስ ነጭ ይሆንባታል። ስትመጣ እግሯን እየጎተተች ነው። ንግግሯም እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ሳትነሳ፣ ጣሪያውን እያየች፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብላ እንዲህ አለችው።

«አንዳንዴ ጠዋቱ ባይመጣ ብዬ እመኛለሁ።»

ሽበቱ ለሁሉም ነገር ቀልድ አለው። ይህን ሲሰማ ግን የጥጡን ዱላ አስቀመጠ። የስፌት መኪናውም ቆመ። አክስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ስታይ አያት፣ ያየችውም እሱን ነው። ያ አስተያየት ምን እንደሚል ገባው። መሐላህን አፍርስ ነው የሚለው።

*

በማግስቱ ወደ ፎቅ ሊወጣ ተነሳ። ለእትዬ ሊነግር። ደረጃው ግማሽ ላይ ቆመና ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። ቢናገር ልጅቱን ያጣል፤ ዝም ቢል ምናልባት ከነጭራሹ ያጣታል። ይህን እያወጣ እያወረደ ወደ ሱቁ ሲመለስ እትዬ ራሳቸው በሌላኛው በር ገብተው ቆመዋል። ፀጉር አስተካካዩ አፉ አላረፈም ማለት ነው።

እትዬ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ከስፖንጁ ክምር ጀርባ ያለችውን ልጃቸውን አዩ፣ የወለቀ ጫማዋን አዩ፣ ጥጥ የለበሰውን ልጅ አዩ።

«ነገ ቁልፌን» አሉ።

አክስቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። እትዬ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ሽበቱ አገጩ ላይ ያለውን ጥጥ ጠረገና ቀረብ አለ።

«እሺ እትዬ፣ ቁልፉን ነገ እሰጥዎታለሁ። አሁን ግን ይስሙኝ። ልጅዎ እዚህ የምትመጣው ለእኔ አይደለም። ለእኔ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ለእንቅልፍ ነው የምትመጣው። ከወራት ወዲህ ሌሊት ተኝታ አታውቅም። ፍራሹ ምንም አላደረገም፤ ሦስቱም ደህና ፍራሾች ናቸው። የታመመችው እሷ ናት። እንዳልነግርዎት አስምላኛለች፣ እኔም ምያለሁ፣ ይኸው አፈረስኩት።»

ልጅቱ ነቅታ ነበር። መጨረሻውን ሰምታለች። በክርኗ ተደግፋ ሽበቱን አየችው። የዚያ ዓይን ነገር አይወራም። ከቤት ውጡ ከተባለው በላይ ያ አስተያየት ገደለው። ዓይኑን ሰበረና የጥጡን ዱላ ያለ ሥራ ያገላብጥ ጀመር።

ከዚያ ልጅቱ ተነስታ ተቀመጠች። «እውነቱን ነው እማዬ» አለች። «ሰነፍ አይደለሁም። ቅብጥብጥም አልሆንኩም። ሲመሽ እፈራለሁ፣ ሲነጋ እፈራለሁ። ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም። እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው ፍራሽ ስትቀይሪልኝ ዝም ያልኩሽ።»

እትዬ ቁጭ አሉ። ቁጭ ያሉት ስፖንጁ ላይ ነበርና ስምጥ አሉ። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ስፖንጅ ውስጥ ገብቶ እግርና እጅ ብቻ ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን ሽበቱ ይህን ሲያወራ ዓመት ይከርም ነበር። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ሄዳ ሁለት እጃቸውን ይዛ ልትስባቸው ሞከረች፣ አቅም አጣች፣ አብራቸው ገባች። እዚያው እቅፍቅፍ ብለው ቀሩ።

«ሚጣዬ» ሲሉ ተሰሙ እትዬ፣ «እኔ ደግሞ ፍራሽ ስመርጥ ከረምኩ።»

አክስቱ መኪናዋን ጀመረች፣ ሌላው ሁሉ እንዳይሰማ።

*

ሐኪም ቤት የሄዱት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሽበቱ ምን እንደተባለ የሰማው እትዬ ለአክስቱ ሲያወሩ ነው። እትዬ የቁልፉን ነገር አላነሱም፤ አልረሱትም፣ ትተውት ነው። ሦስተኛውንም ፍራሽ መልሰው ወደ ፎቅ አስወስደውታል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት አሉ፣ እኔ ከልጄ የምታንስ መስላኝ ነበር አሉ። ሕመሙ ድባቴ ይባላል። እንዲህ ሆነው የሚመጡባት ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። እንቅልፍ ማጣቱ ሐዘኑን ያባብሰዋል፣ ሐዘኑ ደግሞ እንቅልፉን ያባርረዋል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰውየውን መሐል ያስገቡታል። የቱ ቀደመ እያሉ መጨቃጨቁን ትታችሁ ሁለቱንም አብረን እናክማለን ብላለች። በየሳምንቱ ሄዳ ታወራታለች። መድኃኒትም ካስፈለገ ሐኪሟ ታያለች። ጠዋት ባይመጣ የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት ደግሞ ለብቻዋ እንዳትይዘው፣ የሰማም ሰው ምስጢር ነው ብሎ እንዳይሸሽግ። ይህን ሲሉ እትዬ ወደ ሽበቱ ዞር አሉ። ሽበቱም የሚያየው ቦታ አጣ።

ቀጥሎ ያሉት ነው ጉድ የሆነበት። ሌሊቱን ብትተኛም ባትተኛም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መነሳት አለባት፣ በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ። ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቀን የምትተኛው የሌሊቱን ነው የሚበላባት።

«ያንተ የብረት በር ከመኝታ ቤቷ ሥር ነው» አሉት እትዬ። «ሲከፈት ሙታንን ይቀሰቅሳል፣ ስንቴ ልወቅስህ አስቤ ነበር። አሁን በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ክፈትልኝ። ዘይት እንዳትቀባው። እዚህ መጥታ ልተኛ ስትልህ ደግሞ...» አልጨረሱትም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ፍራሽ ሰሪ ነኝ» አለ ሽበቱ። «ሰው እንዳይተኛ ጠብቅ ሲሉኝ ምን ይባላል? ደንበኞቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

ለልጅቱ የሚሰጣት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ እሱንም ከልክል ተባለ።

*

እንደፈራው መጣች። የመጣችበት ቀን ሰማዩ ዳመና ነበር፣ እንቅልፍ የሚጠራ አየር። ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆኗል። በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደችና ቆመች።

ሱቁ ውስጥ የሚተኛበት ቦታ አልነበረም። ሽበቱ ማለዳ ተነስቶ ፍራሹን ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ አቁሞታል። ስፖንጁን እስከ ጣሪያ ቆልሎ በገመድ አስሮታል። ወለሉ ባዶ ነው፣ መሐሉ ላይ አንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ብቻ።

«ደንበኛዬ፣ ዛሬ ሁሉም ቆመዋል» አላት። ድምፁ እንደፈለገው አልወጣለትም።

«ትንሽ ብቻ» አለች። «ዓይኔን ብቻ ልክደን። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። አንድ ሰዓት ሲሆን ያንን በርህን ስታንጓጓው ልገድልህ ነበር። አሁን ደግሞ... እባክህ። እግርህ ሥር ልውደቅ?»

«ተይ እንጂ።»

«አንተ ነህ ያስተኛኸኝ። ከዓለም ላይ አንተ ብቻ። አንተም ከእነሱ ጋ ሆንክ?»

ሽበቱ ወደ አክስቱ አየ። አክስቱ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች፣ ክሩ ግን የተሰካ አይመስልም። ማንም አያግዘውም። አንድ እርምጃ ወደ ልጅቱ ሄደ፣ እዚያው ቆመ። ቢነካት፣ ትከሻው ላይ ራሷን ብታስጠጋ፣ ቆማ ነበር የምትተኛው። ይህን አወቀው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ታውቂያለሽ፣ አንቺ እዚህ ስትተኚ ከእኔ የሚበልጥ ሰው በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር» አላት። «እኔ ነኝ መድኃኒቷ ብዬ ነበር። አይደለሁም። ሌሊትሽን ስሰርቅሽ ነው የከረምኩት፣ ሳላውቅ። አሁን ከፈለግሽ ጥዪኝ። ጥላቻሽን እችለዋለሁ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ እችለዋለሁ። ጠዋት ባይመጣ ያልሽውን ግን አልችለውም።»

የልጅቱ ዓይን ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ጠረግ አላደረገችውም።

«ጠልቼሃለሁ» አለችውና ወጣች።

ሽበቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን የቆሙት ፍራሾች ለሐዘን የመጡ ሰዎች መሰሉት። አክስቱ መጥታ ፀጉሩ ላይ ያለውን ጥጥ አንድ በአንድ ለቀመችለት። ልጅ ሳለ ነበር እንዲህ የምታደርገው።

*

ከዚያ በኋላ አልወረደችም። ሽበቱ ግን በየማለዳው ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ሲል የብረት በሩን ይዞ ወደ ላይ ይጥለዋል። ጓጓጓጓ! መንደሩ ይረግመዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ወደ መስኮቷ ያያል። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን ፈጥኖ፣ አንዳንድ ቀን ቆይቶ። ያ መጋረጃ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ሲንቀሳቀስ ወደ ሥራው ይገባል። ፍቅረኛ ከንፈር ይጠብቃል፤ እሱ ጨርቅ ሲወዛወዝ ማየት በቅቶት ነበር።

አንድ ከሰዓት ጥጥ እየመታ ሳለ ጥላ በሩ ላይ ወደቀ። ቀና ሲል እሷ ናት። ፈራ ተባ እያለች ገባችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሐኪሟ ቀን ቀን እንቅልፍ ሲመጣ እጅሽን ሥራ አስይዢው አለችኝ» አለች። «ሥራ አለህ?»

ለፍራሽ ሰሪ ይህ ምን ጥያቄ ነው? ጥጡ ቦታውን እንዳይለቅ ፍራሽ በወፍራም ክር ከዳር እስከ ዳር ይሰፋል። ክንድ የምታህል መርፌ ከአንዱ ፊት ትገባለች፣ በሌላው ፊት ትወጣለች። ብቻውን ለሚሠራ ሰው አሳር ነው፣ ለሁለት ግን ጨዋታ ነው። ሽበቱ ፍራሹን መሐል ላይ አቆመ። እሱ በዚህ ወገን፣ እሷ በዚያ ወገን። መርፌውን ይሰዳል፣ ተቀብላ ትመልሳለች። አይተያዩም። መሐላቸው ጥጥ ነው። እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋት እንደሆነ መርፌዋ ቦታ ትስታለች፣ እሱ «ኡፍ» ይላል፣ እሷ ትነቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይወጋው ነው ኡፍ የሚለው።

ከሰው ፊት የማይወራ ነገር ከፍራሽ ጀርባ ይወራል መሰለኝ። ሁለት ሦስት ከሰዓት እንዲህ ከሠሩ በኋላ ሽበቱ ሁሉንም ዘረገፈው። ፍራሹን የምትመልሰው እሱን ለማየት መስሎት እንደነበር። ፀጉሩን እያራገፈ እንደሚጠብቃት። ዓይኗ ሥር ያለውን ለእሱ የተኳለችው መስሎት እንደነበር።

ከዚያ ወገን መርፌዋ ሳትመለስ ቀረች።

«ተኛሽ እንዴ?» አለ ፈርቶ።

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ?»

«እያሰብኩ ነው። ማሰብ አልቻልኩም ነበር ያን ጊዜ። ማንንም አላይም ነበር፣ አንተንም። ያን እንዳታዝንብኝ።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አሁን ትንሽ ትንሽ እያየሁ ነው።»

መርፌዋ ቀስ ብላ በጥጡ መሐል መጣች። ሽበቱ ጫፏን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳይስባት ቆመ። በሌላው ወገን እሷም አልለቀቀችም።

*

አንድ እሑድ ማለዳ ነበር፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ብርሃኑ ለስላሳ። ሽበቱና አክስቱ አብረው መጡ። ሽበቱ የበሩን እጀታ ሊይዝ ሲያጎነብስ ከላይ «እሽሽሽ» የሚል ሰማ።

ቀና ሲል እትዬ ናቸው፣ በረንዳው ላይ፣ በሌሊት ልብስ፣ ፀጉራቸው በአንድ ወገን ቆሞ። ሁለት እጃቸውን እንደ ዶሮ እያርገበገቡ አትክፈት ይሉታል። በሹክሹክታ፣ ግን መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ ተኝታለች አሉት። ከምሽት ጀምሮ አንዴም አልነቃችም። ቆሜ ትንፋሿን ስሰማ ነው ያነጋሁት። አንድ ቀን ብቻ ተዋት፣ ትጥገብ።

ሽበቱ እጁ እጀታው ላይ ቀረ። መተው አማረው። ምን አለበት፣ ያች ምስኪን ይህን ያህል ወር የናፈቀችውን አንድ ጠዋት ብትጠግበው? ግን የሐኪሟ ቃል አለ። ከፊት ገና ብዙ መጥፎ ሌሊት ይኖራል፣ እንቅልፉ ቦታውን እስኪይዝ ጠዋቱን አትልቀቁት ብላለች። እሱም እትዬን አየ፣ እትዬም እሱን አዩ። ቀና ብለው የማይተያዩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ያን ጠዋት በአንዲት ልጅ እንቅልፍ ላይ ተፋጥጠው እንደ አባትና እናት ቆሙ።

በመጨረሻ እትዬ ተነፈሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ሁለት ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ።

ሽበቱ በሩን ወደ ላይ ጣለው።

ጓጓጓጓ አለ። እርግብ ተነሳ። ከዚያ ዝም ሆነ። ሽበቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ትንፋሹን ያዘ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። አሁንም አልተንቀሳቀሰም። አክስቱ እጁን ያዘችው።

መስኮቱ ራሱ ተበርግዶ ተከፈተ። አንድ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ተስሏል፣ ፀጉሯ ከእናቷ ይብሳል፣ አንድ ዓይኗ ገና አልተከፈተም። ተቆጥታለች። ደህና አድርጋ፣ በሙሉ ጉልበቷ ነው የተቆጣችው። እንዲህ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም፣ እንዲህ ስታምርም።

«አንተ ሽበታም!» አለች። «ሰው ስንት ጊዜ ቆይቶ አንዴ ቢተኛ?»

«አንድ ሰዓት ነው፣ ደንበኛዬ።»

«ይሁናላ!» ዓይኗን በእጅጌዋ አሸች። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላት መሰል ወደ ታች አጎንብሳ አየችው። «ደግሞ ትናንት ከእማዬ ጋ ፍራሹን ስንገለብጥ አየሁት። ያ ከሥሩ በቀይ ክር የሰፋኸው ምንድን ነው? ድንች ነው?»

«አላልኩህም?» አለች አክስቱ።

ሽበቱ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። «ልብ ነው።»

ልጅቱ አየችው። ዓይኖቿ እሱ ላይ ናቸው፣ እሱንም ያያሉ። ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።

«ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል» አለች፣ ድምጿ ገና እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ። «ፊቴን ልታጠብና እወርዳለሁ። መርፌውን አዘጋጅ፣ ለሁለት እናቀናዋለን።»

መስኮቱ ተዘጋ። ሽበቱ ግን ከዚያ አልተነቃነቀም። የሰማይ ብርሃን ፀጉሩ ላይ አርፏል፣ ጥጥ ገና አልነካውም፣ ጭንቅላቱ ግን ጥጥ ሆኖ የቀለለው መሰለው። እትዬ በረንዳው ላይ አሁንም ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉም ነገር ማለፉን የነገራቸው ሰው አልነበረም።